ሠዓሊው ያልደረሰበት ደጋ፤ የሄንሪ ሶልት ደብዳቤዎችና የምዕራብ ወሎ መልክዐ ምድር

ከመካነ ሰላም ከተማ ወጥቶ የቦረናን ደጋ ይዞ ወደ አማራ ሳይንት የሚጓዝ ሰው ከደንቆሮ ጫካ ዳር በደረሰ ጊዜ አገሩ በሁለት መልክ ይታየዋል። በአንድ ወገን አስታና ጅብራ የበቀለበት፣ ጭላዳ በመንጋ የሚግጥበት፣ ቀይ ቀበሮም የሚኖርበት የውርጭ አገር አለ። በሌላው ወገን ምድሩ በድንገት ይቋረጥና ገደል በገደል ላይ እየተደረበ ወደ ዓባይ ቆላ ይወርዳል። በሰሜን በኩል በሽሎ የሚባለው ወንዝ ያንኑ ደጋ በጥልቅ ሰንጥቆ ወደ ዓባይ ይገባል፤ ከበሽሎም ማዶና ማዶ ያሉት አምባዎች እንደ ተጠረበ ድንጋይ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከእነዚህ አምባዎች አንዱ መቅደላ ነው።

በ19ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር የመልክዐ ምድር ሥዕል እጅግ በተከበረበት ዘመን ሠዓሊዎች አጥብቀው የሚሹት ይህን የመሰለ አገር ነበር፤ ከፍ ያለ ገደል፣ ርቆ የሚታይ ተራራ፣ በሸለቆ ውስጥ የሚንሳፈፍ ጉም። ይሁን እንጂ እንግሊዞች ባሰናዷቸው ጉዞዎች ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ሠዓሊዎች ሁሉ የምዕራብ ወሎን ደጋ ዙሪያውን ከበቡት እንጂ ለብዙ ጊዜ ወደ ውስጡ አልገቡም። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ይዞት የመጣው የቦሎኛ ተወላጅ ሉዊጂ ባሉጋኒ ጎንደር ደርሶ በ1771 እዚያው ሞተ። ሄንሪ ሶልት በ1805ና በ1810 በትግራይ ሠራ። ከሻለቃ ሃሪስ መልእክተኞች ጋር የመጣው ጀርመናዊው ዮሐን ማርቲን ቤርናትስ ከ1841 እስከ 1843 በሸዋ፣ በአንኮበር ዙሪያ ሣለ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው፤ የኢትዮጵያ ዘመን ሲጠቀስ ዓ.ም. ይጨመርበታል።) በምዕራብ ጎንደር፣ በሰሜን ትግራይ፣ በደቡብ ሸዋ በሥዕል ሲታወቁ፣ በመካከል ያለው የወሎ ደጋ ግን በሥዕሉ መዝገብ ባዶ ቦታ ሆኖ ቀረ።

የዚህ ባዶ ቦታ ምክንያት በሥዕል ውስጥ አይገኝም፤ በደብዳቤ ውስጥ እንጂ። ስለዚህም ከሦስቱ ሠዓሊዎች መካከል ደብዳቤው በብዛት የተጠበቀለትን የሄንሪ ሶልትን ኑሮ መመርመር ይገባል። ሶልት እንግሊዛዊ ነው፤ በሙያው ሠዓሊ ነው፤ ከሞተም በኋላ ኑሮውና ደብዳቤው በሁለት ክፍል መጽሐፍ ታትሞለታል። የእርሱ ታሪክ የሚያስተምረው ነገር ቢኖር ብሩሽ በቆመበት ብዕር እንዴት እንዳለፈ፣ መንገዱ ለሠዓሊ በተከፈተ ጊዜም አገሩ ምን ዋጋ እንደ ከፈለ ነው።

ሄንሪ ሶልት በ1780 በእንግሊዝ በሊችፊልድ ከተማ ከሐኪም ቤተ ሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ ለንደን ሄዶ በመጀመሪያ በመልክዐ ምድር ሠዓሊው በጆሴፍ ፋሪንግተን ዘንድ፣ ቀጥሎም የሰውን መልክ በመሣል ስመ ጥር በነበረው በጆን ሆፕነር ዘንድ ተማረ። ሐሳቡ የሰው መልክ እየሣለ ለመኖር ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ሙያ ብዙ አልተሳካለትም። በ1802 ቫይካውንት ቫሌንሺያ የሚባለው መስፍን ወደ ሕንድና ወደ ቀይ ባሕር በሚሄድበት ጊዜ ሶልት ጸሐፊውና ሠዓሊው ሆኖ አብሮት ተነሣ። እንግዲህ ሶልት ወደ ኢትዮጵያ ያደረሰው ሹመት ወይም ንግድ አልነበረም፤ የእጁ ሙያ ነው።

በ1805 ሐምሌ ወር ሶልት ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ትግራይ ወጣ። በዚያን ጊዜ ዘመነ መሳፍንት ነበረ፤ በጎንደር ዙፋን ላይ ዐፄ እጓለ ጽዮን ቢቀመጡም፣ ሥልጣኑ በየአገሩ ገዥዎች እጅ ነበረ። የትግራይ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ በእንጣሎና በጨለቆት ይቀመጡ ነበር። እኒህ መስፍን እንግዳውን በክብር ተቀበሉት፤ ሶልትም በዚያው ዓመት አክሱምን ጎብኝቶ ሐውልቱን ሣለ፣ የንጉሥ ዒዛናንም የግሪክ ጽሑፍ ከድንጋዩ ላይ ገለበጠ። በ1810 ተመልሶ በመጣ ጊዜ ያንኑ ጽሑፍ ከቅጂው ጋር እንደገና አስተያየው። በዓይኑ ያየውን በእጁ ማረም የሠዓሊነቱ ልማድ ነበርና፣ የአክሱም ታሪክ ተመራማሪዎች ከዚህ ጥንቃቄው ብዙ ተጠቅመዋል።

የሥራው አካሄድ እንደሚከተለው ነበር። በመንገድ ላይ ሠዓሊው የተራራውን መስመር በእርሳስ ይነድፋል፤ ጊዜ ሲያገኝ በውሃ ቀለም ጥላውንና ብርሃኑን ያኖርበታል። ለንደን ከደረሰ በኋላ ቀራጮች ንድፉን በመዳብ ሰሌዳ ላይ ይቀርጹታል፤ ከታተመም በኋላ ገጹ በእጅ በቀለም ይቀባል። በዚህ ዓይነት በ1809 ሃያ አራት ትልልቅ ሥዕሎች ያሉበት መድበል ወጣ፤ በውስጡ የቅድስት ሄሌና ደሴት፣ የደቡብ አፍሪካ ርእሰ ምድር፣ የሕንድ፣ የሴሎን፣ የቀይ ባሕር፣ የኢትዮጵያና የግብፅ አገሮች ይታያሉ። በዚያው ዓመት የታተመው የቫሌንሺያ የጉዞ መጽሐፍም በሶልት ሥዕሎች ያጌጠ ነበር። በእነዚህ ሥዕሎች ላይ ተራራውና ሰማዩ ሰፊ ቦታ ይይዛሉ፤ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከግርጌ የሚቆም ትንሽ ምልክት ነው። የአገሬው ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚበላ፣ ማንን እንደሚፈራ ሥዕሉ አይናገርም። ያን የሚናገረው የጉዞው ማስታወሻና ደብዳቤው ነው።

በ1809 መጀመሪያ ሶልት ለሁለተኛ ጊዜ ከእንግሊዝ ተነሣ። በዚህ ጊዜ የመጣው እንደ ሠዓሊ ብቻ አልነበረም፤ ከንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የተላከ ደብዳቤና ገጸ በረከት ይዞ ነበር። በ1810 መጀመሪያ ምጽዋ ደርሶ ወደ ጨለቆት ወጣ። ሐሳቡ ጎንደር ድረስ ሄዶ ደብዳቤውን ለንጉሡ ለመስጠት ነበር፤ ነገር ግን አልሆነለትም። ከተከዜ ማዶ ያለው አገር ለራስ ወልደ ሥላሴ ባላንጣ ለየጁው ራስ ጉግሣ ይታዘዝ ነበርና፣ የትግራዩ መስፍን እንግዳውን ወደ ባላንጣቸው እጅ መስደድ አልፈቀዱም። ከዚያም ወዲያ በደቡብ በኩል የወረ ሂመኖ ኢማሞችና ሌሎች የወሎ ባላባቶች እያንዳንዳቸው በየአገራቸው ራሳቸውን ችለው ይገዙ ነበር። ሶልት እስከ ተከዜ ወንዝ ወርዶ ጉማሬዎቹን ተመለከተና ተመለሰ። የሠዓሊው መንገድ በዚያ አበቃ።

ስለዚህ የወሎ ደጋ ሳይሣል የቀረው መልኩ ሳያምር ቀርቶ፣ ወይም መንገዱ ለእግር አስቸግሮ አይደለም። የአሞሌ ጨው ነጋዴ በዚያው ዘመን ከዓፋር ሜዳ ተነሥቶ በትግራይ ገበያዎች በኩል ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ያልፍ ነበር። የሠዓሊው ስም በእንግሊዝኛ ጨው ማለት ነው፤ በአገሩ ላይ ግን ጨው ያለፈበትን በር እርሱ ሊያልፍበት አልቻለም። ነጋዴ ቀረጥ ከፍሎ ያልፋል፤ የንጉሥ መልእክተኛ ግን ለአንዱ መስፍን ክብር፣ ለሌላው ስጋት ነው። ከሥዕል መዝገብ ላይ ባዶ የሆነውን ቦታ የፈጠረው የዘመነ መሳፍንት ፖለቲካ ነው።

ሶልት ወደ ጎንደር መሄድ ስላልቻለ ገጸ በረከቱን በጨለቆት ለራስ ወልደ ሥላሴ አስረከበ። ከስጦታው ውስጥ ቀላል መድፎች ነበሩበት፤ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ባለ ቀለም የመስተዋት መስኮት፣ የእብነ በረድ ጠረጴዛና የእመቤታችን ሥዕልም ነበሩ። እነዚህም ወደ ጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ይህን ነገር በልብ ማኖር ያስፈልጋል፤ በ1810 እንግሊዛዊው ሠዓሊ ወደ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይዞ መጥቶ ነበር።

በጨለቆት የነበረውን የቀን ኑሮ ሶልት ራሱ በጽሑፍ አስቀምጦታል። ከራስ ወልደ ሥላሴ ማዕድ ይቀርባል፤ መስፍኑም በአገሩ ወግ በእጃቸው ያጎርሱታል። ከግብር በኋላ ሰንጠረዥ ይጫወታሉ፤ ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ አጥብቀው ይወዱ ነበርና፣ በኢትዮጵያ ስለ ነበረው የሰንጠረዥ አጨዋወት ከምናገኛቸው ጥሩ ምስክሮች አንዱ የሶልት ጽሑፍ ነው። ሠዓሊው ከዚህ በቀር የአገሩን ቋንቋዎች ቃላት ይሰበስባል፣ የአዕዋፍንና የአራዊትን ናሙና ያሰናዳል። በቆላው ቁጥቋጦ ውስጥ የምትኖረው ትንሿ እንሹ በሳይንስ ስሟ እስከ ዛሬ የሶልትን ስም ተሸክማ ትገኛለች። ሲመለስም ከራስ ወልደ ሥላሴ ለእንግሊዝ ንጉሥ የተጻፈ መልእክት ይዞ ሄደ፤ ስለዚህ ደብዳቤው በአንድ ወገን ብቻ የሚሄድ አልነበረም።

ሶልት በኢትዮጵያ የቆየው በሁለቱ ጉዞ አንድ ላይ ጥቂት ወራት ብቻ ነው። አገሩን ለዓመታት ያሳወቀው በ1805 በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ትቶት የሄደው መርከበኛ ናትናኤል ፒርስ ነው። ፒርስ የተማረ ሰው አልነበረም፤ ከእንግሊዝ የጦር መርከብ የኮበለለ ወታደር ነበረ። በትግራይ አሥራ ሦስት ዓመት ያህል ኖረ፤ በዚያው የሚኖር የአንድ ግሪካዊ ልጅ አገባ፤ በራሱ ዘመቻዎች ተሰለፈ፤ የአገሩንም ቋንቋ ተናገረ። በ1810 ደግሞ ዊልያም ኮፊን የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ ቀርቶ ጓደኛ ሆነው። ሠዓሊው ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ፒርስ የሚያየውን እየጻፈ ይልክለት ጀመር።

ደብዳቤው የሚሄድበት መንገድ ረጅም ነበረ። ከደጋው በእግረኛ መልእክተኛ ወይም በነጋዴ እጅ ወደ ባሕር ጠረፍ ይወርዳል፤ ከዚያ በጀልባ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሞካ ይደርሳል፤ ከሞካም በመርከብ ወደ ቦምቤይ ወይም ወደ ሌላ ወደብ ይሄዳል። በጠረፍ ያለው ሹም ቢከለክል፣ በመንገድ ሽፍታ ቢነሣ፣ ወይም ነፋሱ ቢያልፍ ወሩ በከንቱ ይቀራል። ሶልት በለንደን ሆኖ የሚያነበው ነገር ያለፈ ዓመት ነገር ነው። ሆኖም በፒርስ ደብዳቤና ማስታወሻ ውስጥ በሥዕሉ ላይ የማይገኘው ሁሉ አለ። አንበጣ መጥቶ እህል ሲበላ፣ ፈንጣጣ ገብቶ ሕዝብ ሲፈጅ፣ የአገሬውም ሰው ከታመመው ቁስል ወስዶ ጤነኛውን በመከተብ ሲከላከል ፒርስ በቦታው ነበረ። ትግርቲየር የሚባለው ሕመም የገዛ ሚስቱን በያዛት ጊዜ በከበሮና በዘፈን እንዴት እንደ ታከመች ጽፏል፤ ይህ ገለጻ በኋላ ዘመን በሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል።

ለወሎ ጥናት ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የ1807 ጉዞው ነው። በዚያን ጊዜ ፒርስ ከራስ ወልደ ሥላሴ ጋር ተቀያይሞ ወደ ደቡብ ወረደ፤ በላስታ አልፎ እስከ ተከዜ ምንጭ ደረሰ፣ ሰቆጣንም አየ፣ ቀጥሎም ወደ ሰሜን ተራራዎች ዞረ። የተከዜ ምንጭ የላስታ ነው፤ ከዚያ ወደ ደቡብ የሚቀጥለው ደጋ ደግሞ በደላንታ በኩል ወደ በሽሎ ገደል ያደርሳል። ስለዚህ ከሠዓሊው ወገን ለምዕራብ ወሎ ደጋ እጅግ የቀረበው ሰው ሠዓሊው ራሱ ሳይሆን ይህ ኮብላይ መርከበኛ ነው። ሶልትም ይህን ጉዞ በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሙሉ ክፍል ሰጥቶታል።

ይህ የፒርስ ጽሑፍ የሠዓሊውን አሳብ እስከ ማስለወጥ ደርሷል። ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ወታደሮች ከሕይወት ካለች ላም ሥጋ ቆርጠው ሲበሉ አየሁ ብሎ በመጻፉ በለንደን እንደ ውሸታም ተቆጥሮ ነበር። ሶልትም ከመጀመሪያ ጉዞው በኋላ የብሩስን ነገር ከሚክዱት ጋር ቆመ። ፒርስ ግን ከላስታ ወታደሮች ጋር በዘመተ ጊዜ ይህንኑ በዓይኑ እንዳየ ጻፈ፤ ሶልትም የራሱን የቀድሞ አሳብ ትቶ የፒርስን ቃል በ1814 መጽሐፉ አተመው። ይህ ነገር የአገሩ ልማድ ሳይሆን በዘመቻ ላይ የተራበ ወታደር የሚያደርገው አልፎ አልፎ የሚታይ ነገር መሆኑ ደግሞ መታወቅ አለበት። ለታሪክ ጸሐፊ ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ ለጥቂት ወራት አይቶ የሄደው የተማረ ሰው፣ ለዓመታት በኖረው ያልተማረ ሰው ደብዳቤ መታረሙ ነው።

ሶልት በ1815 በግብፅ የእንግሊዝ ቆንሲል ጄኔራል ተብሎ ተሾመ፤ በሚከተለውም ዓመት ሥራውን ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ያለው ኑሮው በይበልጥ የሚታወቀው በግብፅ ጥንታዊ ቅርስ ስብስብ ነው። ጆቫኒ ቤልዞኒ የሚባለው ኢጣልያዊ በሶልት ድጋፍ ትልቁን የራምሴስ ጭንቅላት ከሉክሶር ማዶ አጓጉዞ ወደ ብሪታንያ ሙዚየም አስላከ። ሶልት የመጀመሪያ ስብስቡን በ1823 ለዚያው ሙዚየም በ2,000 ፓውንድ ሸጠ፤ ያወጣውንም ወጪ አልተካለትም። ሁለተኛውን ስብስብ የፈረንሳይ መንግሥት በ1826 በ10,000 ፓውንድ ገዛው። በዚህ ዘመን የጻፋቸው ደብዳቤዎች ስለ ገንዘብ፣ ስለ ጤና ማጣትና ስለ ብቸኝነት የሚናገሩ ናቸው። በ1819 ያገባት ወጣት ሚስቱ በ1824 ሞተችበት። ሠዓሊነቱን አልተወም፤ ነገር ግን ዕለታዊ ኑሮው ከሥዕል ይልቅ በደብዳቤና በሒሳብ መዝገብ ተሞላ።

ፒርስም ራስ ወልደ ሥላሴ በ1816 ከሞቱ በኋላ በትግራይ ሁከት ስለ ተነሣ ከአገሩ ወጥቶ ካይሮ ገባ፤ በሶልት ቤትም ተቀመጠ። ሠዓሊው ለዚህ የቀድሞ ኮብላይ ወደ ባሕር ኃይሉ ሹማምንት ጽፎ ከስሙ ላይ የነበረው የክህደት ምልክት እንዲፋቅለት አደረገ። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ከአገሩ የራቀው ሰው ወደ እንግሊዝ ሊሳፈር ሲሰናዳ በ1820 በእስክንድርያ ሞተ። ከሶልት ደብዳቤዎች ሁሉ ምናልባት ይበልጥ መልካም ሥራ የሠራው ይህ ስለ ሌላ ሰው የተጻፈው ነው። ሶልትም ራሱ በ1827 ጥቅምት ወር ከእስክንድርያ ብዙ ሳይርቅ ዐረፈ።

ሁለቱን ሰዎች ከመረሳት ያዳናቸው የሶልት የወጣትነት ጓደኛ ሠዓሊው ጆን ጄምስ ሆልስ ነው። ሆልስ በ1831 የፒርስን ማስታወሻ፣ በ1834 ደግሞ የሶልትን ኑሮና ደብዳቤ እያንዳንዳቸውን በሁለት ሁለት ክፍል አሳተመ። አንባቢ ግን ሆልስ ወዳጅ መሆኑን መርሳት የለበትም። ወዳጅ የሚያወጣው ደብዳቤ ለወዳጁ ክብር የሚስማማውን ነው፤ የፒርስንም ያልተስተካከለ ጽሑፍ የለንደን አንባቢ እንዲረዳው አቃንቶታል። ስለዚህ እነዚህ መጻሕፍት በጥንቃቄ መመርመር ይገባቸዋል። ከብሩስ ጋር ሲነጻጸሩ ግን የሆልስ ታማኝነት ጎልቶ ይታያል። ብሩስ ሠዓሊው ባሉጋኒ ጎንደር ድረስ አብሮት መጥቶ ብዙውን ሥዕል መሥራቱን ደብቆ ነበር፤ ሆልስ ግን የመርከበኛውን ስም በመጽሐፉ ግንባር ላይ ጻፈለት።

ከሶልት በኋላ ወደ ወሎ ደጋ የገቡት አውሮጳውያን ጥቂቶች ናቸው። ሚስዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በ1842 ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ጎንደር ሊሄድ ሲል በወሎ አደራ ቢሌ በሚባል ባላባት ተይዞ ንብረቱን ተዘረፈ፤ መንገዱንም ለውጦ በሌላ በኩል ወደ ጠረፍ ወጣ። ክራፕፍ የደረሰበትን በጽሑፍ ገለጸ፤ ሠዓሊ ግን አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላን ከያዙ በኋላ አምባው ግምጃ ቤትና ወኅኒ ሆነ። ከ1866 ሐምሌ ወር ጀምሮ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም፣ ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክና ሌተና ፕሪዶ በዚያ በሰንሰለት ታሰሩ፤ ከእነርሱ በፊት የታሰረው ቆንሲል ካሜሮንም አብሯቸው ነበረ። እነዚህም እስረኞች ኑሯቸው በደብዳቤ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። መልእክተኞች ገንዘብና ወረቀት ደብቀው ከምጽዋ እስከ በሽሎ እየተመላለሱ ያቀብሏቸው ነበር። የዘመነ መሳፍንት በር ሠዓሊን ቢከለክልም፣ የአገሬው መልእክተኛ በፒርስም ዘመን በራሳምም ዘመን ያንኑ ገደል ያለ ስም ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። የአብዛኞቹ የእነዚህ እግረኞች ስም በመጻሕፍቱ ውስጥ አልተጻፈም፤ ደብዳቤዎቹ ግን ያለ እነርሱ አይኖሩም ነበር።

በመጨረሻ መንገዱ ለእንግሊዝ ሠዓሊዎች ተከፈተ፤ የከፈተው ግን ጦር ነው። የጄኔራል ናፒየር ሠራዊት በ1868 በዙላ ወርዶ በበሽሎ ገደል በኩል ወደ መቅደላ ወጣ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ሜዳ ውጊያ ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን አምባው ተያዘ፣ ዐፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ ራሳቸውን ገደሉ። ከሠራዊቱ ጋር ሮበርት ቤግሪን የመሰሉ ሥዕል የሚያውቁ መኮንኖችና የመሐንዲሶች ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ፤ ሥዕሎቻቸው በለንደን የሥዕል ጋዜጣ ላይ ወጡ። በሶልት ዘመን ባዶ የነበረው ቦታ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በሥዕልና በፎቶግራፍ ተሞላ። ነገር ግን የተሣለው አገሩ ሳይሆን ምሽጉ ነው። ገደሉ የሚታየው ለመውጣት እንዴት እንደሚያስቸግር፣ ሜዳው የሚታየው ሠራዊት እንዴት እንደሚሰፍርበት ተብሎ ነው። አራሹ፣ ገበያው፣ መስጊዱና ደብሩ በዚያ ሥዕል ውስጥ ብዙ ቦታ የላቸውም።

ከሠራዊቱ ጋር የመጣው የብሪታንያ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ደግሞ ሥዕል የሚችል ሰው ነበረ። የዐፄ ቴዎድሮስን አስከሬን ፊት የነደፈው እርሱ ነው። የኢትዮጵያ ነገሥታት በዘመቻ ይዘውት ይወጡ የነበረውን፣ በ1744 ከሰናር ጋር በተደረገው ጦርነት ተማርኮ በቤዛ የተመለሰውን፣ ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን የክርስቶስ ሥዕልም ከመቅደላ የወሰደው ይኸው ሰው ነው። ሥዕሉን ለሙዚየሙ አላስረከበም፤ ለራሱ አኖረው። ከአምባው የተዘረፈው ንብረት በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ በደላንታ ሜዳ በሐራጅ ተሸጠ፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪታንያ ሙዚየም ገቡ፤ አምባውም ተቃጠለ። በ1810 ሠዓሊው የእመቤታችንን ሥዕል ይዞ ወደ ጨለቆት መጥቶ ነበር፤ ከ58 ዓመት በኋላ ሥዕል የሚያውቅ ሌላው እንግሊዛዊ የጌታን ሥዕል ከመቅደላ ይዞ ሄደ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሁለት ሰዎች ጠባይ ብቻ አይደለም። ሶልት የመጣው በባለ አገሩ ፈቃድ ነው፤ በሩ በተዘጋ ጊዜም ከተከዜ ተመለሰ። ሆልምስ የመጣው በሩን ከሰበረው ሠራዊት ጋር ነው።

ይህ ሁሉ ሲነገር የወሎ ደጋ ያለ ፈረንጅ ሠዓሊ መልኩ ሳይታወቅ እንደ ኖረ መታሰብ የለበትም። በጥንቱ የአማራ አገር፣ ዐፄ በእደ ማርያም ባሠሯት በአትሮንሰ ማርያም፣ ቬኒሳዊው ኒኮሎ ብራንካሌዎን ሕፃኑን በእመቤታችን ግራ ክንድ ላይ አድርጎ ስለ ሣለው ክርክር እንደ ተነሣ ብሩስ ጽፏል። ሕዝቡ ሥዕልን አይቶ የማያልፍ፣ ትርጉሙን መርምሮ የሚሟገት ነበር። እንደ ተድባበ ማርያም ያሉት የሳይንት አድባራትም ሥዕልንና ብራናን ሲጠብቁ ኖረዋል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ግን ተራራ ለራሱ ሲባል አይሣልም፤ የሚሣለው ቅዱሱ ነው፤ ከጀርባው ያለው ቀለም ነው እንጂ አገር አይደለም። አገሩ የሚቀመጠው በቃል ነው። ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብሎ የሚለየው ገበሬ፣ በየገደሉና በየሸንተረሩ ስም የሚያወጣው እረኛ፣ በመንዙማና በልቅሶ ግጥም ወንዙን የሚጠራው ባለ ቅኔ መልክዐ ምድሩን በየራሳቸው መንገድ መዝግበውታል። ከኢትዮጵያ ዘፈን አራቱ ቅኝቶች መካከል ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸው የወሎ አገር ስም ነው። ሌላው ሕዝብ ተራራውን በሸራ ላይ ሲያኖር ወሎ በክራር ላይ አኖረው።

የምዕራብ ወሎን ያለፈ መልክ የሚያጠና ተመራማሪ እንግዲህ ሦስት ዓይነት ምስክር አለው። አንደኛው በ1868 የተሣለው የምሽግ ሥዕል ነው፤ ይህ ገደሉን ያሳያል፣ ሰውን ግን ይሰውራል። ሁለተኛው የሶልት፣ የፒርስና የመቅደላ እስረኞች ደብዳቤ ነው፤ ይህ ሰውን ያሳያል፣ ነገር ግን በሩቅ ሆኖ ወይም ታስሮ በሚያይ እንግዳ ዓይን ነው። ሦስተኛው በአድባራቱ ብራና፣ በመስጊዶቹ መንዙማና በሽማግሌዎች አንደበት ያለው የአገሬው ቃል ነው። አንደኛውና ሁለተኛው በለንደን ቤተ መጻሕፍት ተመዝግበው ተጠብቀዋል። ሦስተኛውን መዝግቦ የመጠበቁ ሥራ ግን የሚፈጸመው ከቦረና እስከ በሽሎ ባሉት ደብሮችና መንደሮች ነው፤ ለዚያውም የባለ ታሪኮቹ ዕድሜ የሚጠብቀው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።